በማት የሥነ ጥበብ ወረቀት ላይ ጥልቅ ጥቁር ለማተም፦ የማተሚያ ቅንብር አመራረጥ

ማት ወረቀት የሚባለው ገጹ የማያብረቀርቅ፣ የተሻለው ዓይነቱም ከጥጥ ቃጫ የሚሠራ የህትመት ወረቀት ነው። ፎቶግራፍ አንሺዎችና ሠዓሊዎች ይህን ወረቀት የሚመርጡት ከየትኛውም አቅጣጫ ቢታይ ስለማያንጸባርቅና ቀለሙም ከወረቀቱ ጋር የተዋሐደ መስሎ ስለሚታይ ነው፤ ይሁን እንጂ በስክሪን ላይ ድፍን ሆኖ የታየው ጥቁር በዚህ ወረቀት ላይ ሲታተም ብዙ ጊዜ ደብዝዞ፣ አመድ የነፋበት መስሎ ይወጣል። የዚህ መንስኤ ከፊሉ ከወረቀቱ ተፈጥሮ የሚመነጭ በመሆኑ ሊወገድ የማይችል ሲሆን፣ ከፊሉ ግን ከማተሚያው ቅንብር የሚመጣ በመሆኑ ሊታረም ይችላል፤ ሁለቱን ለይቶ ያላወቀ አታሚ የማይገኘውን ሲያሳድድ ሊያገኝ ይችል የነበረውን ያጣል።

በአብረቅራቂ ወረቀት ላይ ያረፈ ብርሃን በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚመለስ ተመልካቹ ትንሽ ዘወር ካለ ያንን ነጸብራቅ አያየውም፤ የማት ወረቀት ሻካራ ገጽ ግን ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚበትነው ከፊሉ ምንጊዜም ወደ ዓይን ይደርሳል፣ ጥቁሩንም ያደበዝዘዋል። ይህ የሚለካው ዴንሲቲ በሚባል መለኪያ ነው። ዴንሲቲ አንድ ገጽ ካረፈበት ብርሃን ምን ያህሉን ውጦ እንደሚያስቀር የሚገልጽ ሲሆን፣ ስሌቱ በሎጋሪዝም በመሆኑ ቁጥሩ በ0.3 በጨመረ ቁጥር የሚመለሰው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል። ጥሩ የሚባል ማት ወረቀት በትክክለኛው ቅንብር ሲታተም ከፍተኛው ዴንሲቲው ከ1.6 እስከ 1.75 ባለው መካከል ይውላል፤ 1.7 ማለት ካረፈው ብርሃን 2 በመቶ ያህሉ ተመልሶ ይታያል ማለት ነው። አብረቅራቂዎቹና ባራይታ የሚባሉት ወረቀቶች በአንጻሩ ከ2.3 በላይ ስለሚደርሱ ከጥቁራቸው የሚመለሰው ከግማሽ በመቶ አይበልጥም። የማት ወረቀት ነጩ 90 በመቶ ያህል ብርሃን ይመልሳል ቢባል፣ በነጩና በጥቁሩ መካከል ያለው ልዩነት 45 እጥፍ ብቻ ሲሆን፣ ፎቶግራፉ የተሰናዳበት ተራ ስክሪን ግን እስከ 1000 እጥፍ የሚደርስ ልዩነት ያሳያል። ስለዚህ የስክሪኑን ጥቁር በማት ወረቀት ላይ እንዳለ መድገም የሚችል ቅንብር የለም።

ይህ ከታወቀ የአታሚው ሥራ በሁለት ይከፈላል፤ የመጀመሪያው ወረቀቱ ሊሸከም እስከሚችለው ከፍተኛ ጥቁር መድረስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከዚያ ጥቁር በላይ ያሉት ጠቆር ያሉ ግራጫዎች ሳይዋዋጡ ተለያይተው እንዲታዩ ማድረግ ነው። ብዙዎች በመጀመሪያው ላይ ብቻ ተጠምደው ቀለም ይጨምራሉ፤ ይሁንና ዓይን ጥቁርን የሚመዝነው ብቻውን ሳይሆን ከአጠገቡ ካለው ጋር እያስተያየ በመሆኑ፣ ሁለተኛው ሥራ ከመጀመሪያው የበለጠ ውጤት አለው ማለት ይቻላል። በላሊበላ ከአለት ከተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ውስጥ በጧፍ ብርሃን የተነሣ የአንድ መነኩሴ ፎቶግራፍ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ጥቁሩ ቆብ፣ ጥላ የዋጠው የአለት ግድግዳና የመነኩሴው ጠይም ፊት በስክሪን ላይ ሦስት የተለያዩ ጠቆር ያሉ ደረጃዎች ሲሆኑ፣ በግድየለሽ ቅንብር ሲታተሙ ግን ቆቡ ከግድግዳው ጋር ይቀላቀላል፣ የፊቱም ግማሽ አብሮ ይጠፋል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ይህን ፎቶግራፍ በኤፕሰን ሹርከለር ፒ900 ማተሚያ፣ 308 ግራም በሚመዝነው የሃኔሙሌ ፎቶ ራግ የጥጥ ወረቀት ላይ ለማተም እንደታሰበ አድርጎ ይቀጥላል፤ ሐሳቡ ግን ለካነን ማተሚያዎችም ሆነ ለሌሎች ወረቀቶች ይሠራል።

ወረቀቱና ገጹ

ማንኛውም ቅንብር ከመነካቱ በፊት ወረቀቱ ለኢንክጄት ህትመት የተዘጋጀ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። የሥነ ጥበብ ማት ወረቀት ጥጥ ብቻ አይደለም፤ በላዩ ላይ የሚረጨውን ቀለም ይዞ የሚያስቀር ስስ ልባስ አለው፣ ጥቁሩም የሚያርፈው በቃጫው ውስጥ ሳይሆን በዚህ ልባስ ላይ ነው። ለእጅ ሥዕል የሚሸጥ የውኃ ቀለም ወረቀት ምንም ያህል ውድ ቢሆን ይህ ልባስ ስለሌለው ቀለሙ ወደ ውስጥ ይሰርግና ጥቁሩ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። አብዛኞቹ ወረቀቶች የተለበሱት በአንድ ገጻቸው ብቻ በመሆኑ የትኛው ገጽ ለህትመት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ ካልታወቀ ጥግ ላይ ትንሽ እርጥበት ባለው ጣት ሲነካ መያዝ መያዝ የሚለው ገጽ የተለበሰው ነው።

ከጥጥ ወረቀቶች መካከል ገጹ ለስላሳ የሆነው ከሻካራው ይልቅ ጠለቅ ያለ ጥቁር ይሰጣል፤ ምክንያቱም ሻካራው ገጽ በጉድጓዶቹና በጉብታዎቹ ላይ ብርሃንን ይበልጥ ይበትናል። ስለዚህ ጥላ የበዛበት ፎቶግራፍ ለማተም የሚያስብ ሰው ከሃኔሙሌ ምርቶች መካከል ቢመርጥ፣ ሸካራነቱ ጎልቶ ከሚታየው ጀርመን ኤቺንግ ይልቅ ፎቶ ራግን ቢያስቀድም ይበጀዋል።

የጥጥ ወረቀት አንድ አድካሚ ጠባይ አለው። ሉሁ ሲቆረጥ የተረፉ ጥቃቅን ቃጫዎችና የልባሱ ብናኝ በገጹ ላይ ይቀራሉ፤ ማተሚያው በእነዚህ ላይ ጥቁር ይረጭና ብናኙ በኋላ ሲረግፍ ከሥሩ ነጭ ነጥብ ብቅ ይላል። በሰማይ ወይም በፊት ላይ ያልታየው ነጥብ በድፍን ጥቁር መካከል ሲሆን ከሩቅ ያፈጣል፣ ከዚያም በኋላ የሚያድነው ነገር የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሉህ ወደ ማተሚያው ከመግባቱ በፊት በቁሙ ዘንበል ተደርጎ ተይዞ፣ ሰፊና ለስላሳ በሆነ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ቀስ ተብሎ ሊጠረግ ይገባል። ወረቀቱም እስኪፈለግ ድረስ ከነከረጢቱ መቀመጥ ይኖርበታል፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ከተማ በበጋው ደረቅ ወራት ተዘርግቶ የዋለ ሉህ ጠርዙ ስለሚቆለመም የማተሚያው ጭንቅላት እየታከከው የጥቁሩን ዳር ያቆሽሻል።

የጥቁር ቀለም ዓይነት

ለሥነ ጥበብ ህትመት የሚሠሩ የፒግመንት ማተሚያዎች፣ ማለትም ቀለማቸው በፈሳሽ ውስጥ የሟሟ ሳይሆን የተንሳፈፉ ጥቃቅን ቅንጣቶችን የያዘ ማተሚያዎች፣ ሁለት ዓይነት ጥቁር አላቸው። አንደኛው ፎቶ ብላክ የሚባለው ለአብረቅራቂ ወረቀት የተዘጋጀ ሲሆን፣ ሁለተኛው ማት ብላክ ለማት ወረቀት የተዘጋጀ ነው። ፎቶ ብላክ በማት ወረቀት ላይ ሲውል ደካማ፣ ከጥቁር ይልቅ ወደ ጠቆረ ግራጫ የሚጠጋ ውጤት ይሰጣል፤ ማት ብላክ በአብረቅራቂ ወረቀት ላይ ሲውል ደግሞ አይጣበቅም፣ በጣት ሲነካም ይነሣል። ጥቁሩ ደበዘዘ ተብሎ ቅሬታ በሚሰማበት ጊዜ በመጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው ማተሚያው በፎቶ ብላክ አትሞ እንደሆነ ነው።

እንደ ኤፕሰን ፒ800 ባሉ ቀደም ያሉ ማተሚያዎች ሁለቱም ጥቁሮች በማተሚያው ውስጥ ቢኖሩም የሚወጡት በአንድ የጋራ መስመር በመሆኑ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲቀየር መስመሩ መታጠብ አለበት፤ ይህም ጊዜና ቀለም ይበላል። በእንዲህ ያለ ማተሚያ የሚሠራ ሰው የማት ሥራዎቹን አሰባስቦ በአንድ ጊዜ ቢያትም ወጪው ይቀንስለታል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጡት ፒ700 እና ፒ900 እንዲሁም የካነን ፕሮ-300 ለሁለቱ ጥቁሮች የተለያየ መስመር ስላላቸው ይህ ችግር የለባቸውም። እንደ ኤፕሰን ኤል805 እና ኤል1800 ያሉ፣ በሟሚ ቀለም የሚሠሩ ባለ ስድስት ቀለም የታንክ ማተሚያዎች ግን ማት ብላክ የላቸውም፤ በአብረቅራቂ የፎቶ ወረቀት ላይ ጥሩ ቢሠሩም፣ በጥጥ ወረቀት ላይ ከእነርሱ ጥልቅ ጥቁር መጠበቅ ትክክል አይሆንም።

ጥቁሩ ከተመረጠ በኋላ ኖዝል ቼክ፣ ማለትም እያንዳንዱ ቀለም የሚወጣበት ቀዳዳ መከፈቱን የሚያሳየው የሙከራ ገጽ፣ ይታተማል። የተደፈኑ ጥቂት ቀዳዳዎች በቀለማማ ፎቶግራፍ ላይ ሳይታወቁ ሊያልፉ ቢችሉም በድፍን ጥቁር ላይ እንደ ጭረት ቀጫጭን መስመሮች ይተዋሉ። መታየት ያለበትም የጥቁሩ መስመር ብቻ አይደለም፤ ጠቆር ያሉት ደረጃዎች የሚገነቡት ከጥቁሩ ጋር ግራጫዎቹና ሌሎቹ ቀለሞች ተደባልቀው በመሆኑ፣ የግራጫው መስመር መቋረጥ ጥላዎቹን ያዥጎረጉራቸዋል።

ሚዲያ ታይፕ፦ ከሁሉ የሚበልጠው ምርጫ

በማተሚያው ድራይቨር ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከማተሚያው ጋር በሚያገናኘው ፕሮግራም ውስጥ፣ ሚዲያ ታይፕ ወይም የወረቀት ዓይነት የሚል ምርጫ አለ። ይህ ምርጫ ስም መሙያ ብቻ የሚመስላቸው አሉ፤ በእርግጥ ግን የትኛው ጥቁር እንደሚወጣ፣ በአንድ ቦታ ላይ እስከ ምን መጠን ቀለም እንደሚረጭ፣ ቀለሞቹ እንዴት እንደሚደባለቁና ብዙ ጊዜም የማተሚያው ጭንቅላት ከወረቀቱ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደሚሄድ የሚወስነው እርሱ ነው። በዚህ ቦታ አንድ የአብረቅራቂ ወረቀት ስም ከተመረጠ ማተሚያው ፎቶ ብላክን ይወስዳል፤ የተራ ወረቀት ስም ከተመረጠ ደግሞ ጥቁሩ ማት ብላክ ቢሆንም የሚረጨው መጠን አነስተኛ ስለሚሆን ጥቁሩ ከአቅሙ በታች ይቀራል።

ችግሩ የሚፈጠረው የወረቀቱ አምራች ሌላ፣ የማተሚያው አምራች ሌላ ሲሆን ነው፤ በኤፕሰን ዝርዝር ውስጥ የሚገኙት ቬልቬት ፋይን አርትንና አርካይቫል ማትን የመሰሉ የራሱ የኤፕሰን ወረቀቶች እንጂ የሌሎች ኩባንያዎች ምርቶች አይደሉም። የወረቀት አምራቾች ለዚህ መፍትሔ ያዘጋጃሉ፤ ለእያንዳንዱ ወረቀትና ማተሚያ የሚሆን አይሲሲ ፕሮፋይል፣ ማለትም ያ ወረቀት በዚያ ማተሚያ ላይ እያንዳንዱን ቀለም እንዴት እንደሚያሳይ የሚገልጽ ፋይል፣ በነፃ ይሰጣሉ፤ ከፋይሉም ጋር ፕሮፋይሉ ሲሠራ የትኛው ሚዲያ ታይፕ ተመርጦ እንደነበር ይገልጻሉ። በድራይቨሩ ውስጥ መመረጥ ያለበት ያው ነው፤ ሌላ ሚዲያ ታይፕ በመልኩ የተሻለ ቢመስልም ከዚያ ከተለየ ፕሮፋይሉ የሚናገረው ስለ ሌላ የቀለም መጠን ስለሚሆን ጥላዎቹ ይዛባሉ።

አምራቹ የገለጸው ሚዲያ ታይፕ ከሌለ ወይም ወረቀቱ ፕሮፋይል የሌለው ከሆነ፣ በድራይቨሩ ካሉት የማት ወረቀት ስሞች ሦስቱን ወይም አራቱን በየተራ መርጦ በአንድ ሉህ ላይ ድፍን ጥቁር ካሬዎችን ማተም ይቻላል። ሉሁ ከደረቀ በኋላ ካሬዎቹ ከነጭ ጠርዛቸው ሳይሆን ከጥቁሩ መካከል ተቆርጠው ጎን ለጎን፣ ጠርዝ ለጠርዝ ተነካክተው በመስኮት ብርሃን ይታያሉ፤ በመካከላቸው የወረቀቱ ነጭ ከገባ ዓይን ስለሚታለል ልዩነቱን መለየት ያስቸግራል። ዴንሲቲ የሚለካ መሣሪያ ላለው ሰው ሥራው ይቀላል፤ መሣሪያ ለሌለውም ይህ የመቁረጥ ዘዴ ትንሽ ልዩነትን እንኳ ያሳያል።

በተመሳሳይ ሉህ ላይ ከእያንዳንዱ ጥቁር ካሬ ውስጥ ጥቂት ቀጫጭን ነጭ መስመሮችንና ደቃቅ ነጭ ፊደላትን ማስገባት ይጠቅማል። ቀለም ከመጠን በላይ ሲረጭ ጥቁሩ ወደ ነጩ መስመር እየፈሰሰ ይዘጋዋል፣ ድፍኑም ካሬ ላይ ወጥ ያልሆነ መንጣጠብ ይታያል። በአንዳንድ ወረቀቶችም ከአንድ መጠን በኋላ ቀለም ሲጨመር ዴንሲቲው መጨመሩን ትቶ መቀነስ ይጀምራል። በዚህ ምክንያት በድራይቨሩ ውስጥ ከለር ዴንሲቲ የሚል የቀለም መጠን ማሳደጊያ ቢኖርም ጥቁርን ለማጥለቅ መጀመሪያ የሚነካ መሆን የለበትም፤ የተነካ እንደሆነም የወረቀቱ ፕሮፋይል ከዚያ በኋላ ስለማይሠራ በአዲሱ መጠን አዲስ ፕሮፋይል መሠራት አለበት።

የጭንቅላቱን ከፍታ የሚወስነው ፕላተን ጋፕ የሚባለው ምርጫ በጥጥ ወረቀት ላይ ጭንቅላቱ ሳይታከክ ሊያልፍ በሚችለው ዝቅተኛ ከፍታ ላይ ይደረጋል፤ ከዚያ በላይ ከፍ ሲል የሚረጨው ጠብታ ከታለመለት ቦታ እየወጣ የጥቁሩን ጠርዝ ያሻክረዋል። የህትመት ጥራቱ ከፍ ካሉት ደረጃዎች በአንዱ ሆኖ፣ ጭንቅላቱ በመሄድም በመመለስም እንዲያትም የሚያደርገው የፍጥነት ምርጫ ይዘጋል።

የቀለም አስተዳደር

የፎቶግራፉን ቁጥሮች ወደ ወረቀቱ አቅም የሚተረጉመው አንድ አካል ብቻ መሆን አለበት። ይህ ፎቶሾፕ ወይም ላይትሩም ከሆነ በፕሮግራሙ ውስጥ የወረቀቱ ፕሮፋይል ይመረጥና በድራይቨሩ ውስጥ ያለው የቀለም ማስተካከያ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል፤ በኤፕሰን የዊንዶውስ ድራይቨር ላይ ይህ የሚገኘው ኦፍ ወይም ኖ ከለር አጀስትመንት በሚለው ስም ነው። ሁለቱም ከሠሩ ፎቶግራፉ ሁለት ጊዜ ስለሚተረጎም ጥላዎቹ ይደፈናሉ ወይም ጥቁሩ ወደ ሌላ ቀለም ያዘነብላል፤ ጥቁሩ ቀላ ወይም አረንጓዴ መሰል ሆኖ የወጣበት ሰው መጀመሪያ መመርመር ያለበት ይህን ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ሬንደሪንግ ኢንቴንት የተባለው ምርጫ፣ ወረቀቱ ሊያሳያቸው የማይችላቸው ቀለሞች ምን እንደሚደረጉ የሚወስን ነው። ለፎቶግራፍ ከሚያገለግሉት ሁለት ዓይነቶች ሬላቲቭ ከለሪሜትሪክ የሚባለው ወረቀቱ የሚችላቸውን እንዳሉ ትቶ የማይችላቸውን ወደ ቅርባቸው ያመጣል፤ ፐርሴፕቹዋል የሚባለው ደግሞ ዝምድናቸው እንዳይጠፋ ሁሉንም አንድ ላይ ያጠባል። ሬላቲቭ ሲመረጥ ብላክ ፖይንት ኮምፐንሴሽን የሚለው ሳጥን ምልክት ሊደረግበት ይገባል። የዚህ ሥራ የፎቶግራፉን ፍጹም ጥቁር ከወረቀቱ ፍጹም ጥቁር ጋር አገናኝቶ በላዩ ያሉትን ደረጃዎች በዚያው ልክ ማሸጋሸግ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በአይኤስኦ 18619 ደረጃ ወጥቶለታል። ሳጥኑ ካልተመረጠ ከወረቀቱ ጥቁር በታች ያሉ ደረጃዎች በሙሉ አንድ ድፍን ጥቁር ይሆናሉ፤ በተወሰደው ምሳሌ ቆቡና ግድግዳው የሚዋሐዱት በዚህ ምክንያት ነው። የማት ወረቀት ጥቁር ከስክሪኑ ጥቁር እጅግ የፈካ በመሆኑም ጉዳቱ በዚህ ወረቀት ላይ ከሌሎቹ የከፋ ነው።

ጥላ ለበዛበት ፎቶግራፍ በቅድሚያ ሬላቲቭን ከዚህ ሳጥን ጋር መሞከር ይመረጣል፤ ጠቆር ያሉና የደመቁ ቀለሞች፣ ለምሳሌ በጧፍ ብርሃን የታየ ቀይ መጋረጃ፣ ዝርዝራቸው ከጠፋ ፐርሴፕቹዋል ይሞከራል። አብሶሉት ከለሪሜትሪክ የሚባለው ግን ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ስላልሆነ መመረጥ የለበትም።

የጥላ ሙከራ

ወረቀቱ፣ ጥቁሩ፣ ሚዲያ ታይፑና ፕሮፋይሉ ከተወሰኑ በኋላ ጥላዎቹ የት ላይ እንደሚጠፉ ማወቅ ይቀራል፤ ይህን የሚያሳየው በቀላሉ የሚሠራ የሙከራ ፋይል ነው። በፎቶሾፕ ውስጥ አርጂቢ ቁጥሩ በሦስቱም 0 የሆነ ጥቁር መደብ ይዘጋጅና በላዩ ላይ 20 ትናንሽ ካሬዎች ይደረደራሉ፤ የመጀመሪያው 2፣ ቀጣዩ 4፣ ከዚያ 6 እያለ እስከ 40 ይሄዳል። ይህ ፋይል ፎቶግራፉ ሊታተምበት በታሰበው ቅንብር፣ አንዳችም ነገር ሳይለወጥ፣ በዚያው ወረቀት ቁራጭ ላይ ይታተማል። ሙሉ ሉህ ማባከን አያስፈልግም፤ በተለይ ወረቀቱ ከውጭ በውድ በሚመጣበት ሀገር አንድ ሉህ በአራት ተቆርጦ ለአራት ሙከራ ሊበቃ ይችላል።

ህትመቱ ከደረቀ በኋላ ከጥቁሩ መደብ ለመጀመሪያ ጊዜ ተለይቶ የሚታየው ካሬ የትኛው እንደሆነ ይፈለጋል። ከ4 ወይም ከ6 ጀምሮ ያሉት በደህና ብርሃን ከተለዩ ቅንብሩ ጤናማ ነው ማለት ይቻላል። እስከ 16 ወይም 20 ድረስ ያሉት በጥቁሩ ውስጥ ከተዋጡ ግን ችግሩ ከፎቶግራፉ ሳይሆን ከቅንብሩ ነው፤ ብላክ ፖይንት ኮምፐንሴሽን መመረጡን፣ ሚዲያ ታይፑ ከፕሮፋይሉ ጋር መግጠሙንና የድራይቨሩ የቀለም ማስተካከያ መዘጋቱን ዳግመኛ ማጣራት ያስፈልጋል። በተቃራኒው 2 እንኳ በግልጽ ተለይቶ ድፍኑ ጥቁር ራሱ የደበዘዘ ከሆነ ምናልባት ፎቶ ብላክ ገብቷል ወይም የሚረጨው ቀለም አንሷል።

ከዚህ በኋላ ፎቶግራፉ ራሱ ለወረቀቱ ይሰናዳል። በሙከራው ከ6 በታች ያለው ሁሉ እንደሚዋጥ ከታወቀ፣ በፎቶግራፉ ውስጥ መታየት ያለበት የቆቡ እጥፋትና የግድግዳው ሸካራነት ከዚያ ቁጥር በላይ እንዲሆኑ በከርቭ ማስተካከያ ትንሽ ከፍ ይደረጋሉ፤ ምንም ዝርዝር የማይፈለግበት ጥግ ግን በ0 ይተዋል። እዚህ ላይ የሚፈጸመው የተለመደ ስህተት ጥላውን በሙሉ ማንሣት ነው፤ እንዲያ ሲደረግ ድፍን ጥቁር ከሥዕሉ ይጠፋና ሁሉም ግራጫ ይሆናል። ከፍ መደረግ ያለበት ከጥቁሩ ቀጥሎ ያለው ጠባብ ክፍል ብቻ ሲሆን፣ ጥቁሩ ራሱ ሳይነካ ይቆያል። ጠይም ፊት በሚታተምበት ጊዜ ለዚህ ክፍል የሚሰጠው ጥንቃቄ የበለጠ ነው፤ በጉንጭና በአገጭ ሥር ያለው ጥላ የሚወድቀው በዚሁ ጠባብ ክፍል ውስጥ በመሆኑ፣ በግዴለሽነት የተደፈነ እንደሆነ የሚጠፋው የሰውየው መልክ ነው።

ለማስተካከሉ ሥራ ሶፍት ፕሩፍ የሚባለው የፎቶሾፕ አገልግሎት ይረዳል፤ ይህም የወረቀቱን ፕሮፋይል ተጠቅሞ ህትመቱ ምን እንደሚመስል በስክሪን ላይ በግምት የሚያሳይ ነው። የወረቀቱን ነጭና የቀለሙን ጥቁር አስመስሎ እንዲያሳይ ሲታዘዝ ሥዕሉ በድንገት ስለሚደበዝዝ ብዙዎች ይደነግጣሉ፤ ዓይን ጥቂት ከተላመደው በኋላ ግን ከሙከራ ህትመቱ ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ይገኛል። የስክሪኑ ብርሃን ከ80 እስከ 120 ካንዴላ በካሬ ሜትር ካልሆነ ይህ ሁሉ አይጠቅምም፤ ከዚያ በላይ በደመቀ ስክሪን ላይ የተሰናዳ ፎቶግራፍ ሁልጊዜ ጨልሞ ይታተማል።

ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ

ፎቶግራፉ ጥቁርና ነጭ ከሆነ የኤፕሰን አድቫንስድ ብላክ ኤንድ ዋይት የተባለው የድራይቨሩ ክፍል ሊመረጥ ይችላል፤ ይህ ክፍል ሥዕሉን በዋናነት ከጥቁሩና ከግራጫዎቹ ስለሚገነባው ወደ ሌላ ቀለም የማያዘነብል፣ ብርሃን ሲለዋወጥም እምብዛም የማይለወጥ ግራጫ ይሰጣል። በዚህ ክፍል የቀለም አስተዳደሩ የድራይቨሩ በመሆኑ ከላይ የተገለጸው የፕሮፋይል ምርጫ አይሠራም። የቶን ምርጫው ሲከፈት የሚገኘው ጠቆር ያለው ደረጃ ነው፤ ጥቁሩን ለማጥለቅ ከዚያም ወደ ጠቆረው መሄድ የሚያጓጓ ቢሆንም፣ የሚጠቁሩት መካከለኛዎቹ ግራጫዎች እንጂ ድፍኑ ጥቁር ስላልሆነ ጥላው ይደፈናል። ማክሲመም ኦፕቲካል ዴንሲቲ የሚለው መሣቢያም ከነበረበት መነካት የለበትም። የጥላ ሙከራው ለዚህ ክፍል ለብቻው እንደገና መታተም አለበት። በፒ900 ላይ የሚገኘው ካርቦን ብላክ የሚባለው አገልግሎት ግን ለአብረቅራቂ ወረቀት የታሰበ ስለሆነ ለማት አይፈለግም።

ከህትመት በኋላ

ህትመቱ ከማተሚያው ሲወጣ በእጅ ሲነካ የደረቀ ቢመስልም በውስጡ ያለው እርጥበት ቀስ እያለ የሚወጣ በመሆኑ ጥቁሩ መመዘን ያለበት ቢያንስ ጥቂት ሰዓታት ከቆየ በኋላ ነው፤ በመስታወት ከመታሸጉ በፊት ደግሞ አንድ ሙሉ ቀን ተዘርግቶ ሊቆይ ይገባል። የማት ጥቁር ገጽ ለፍትጊያ ደካማ ነው፤ የጥፍር ጫፍ ወይም የሌላ ሉህ ጠርዝ ያለፈበት ቦታ የሚያብለጨልጭ ጭረት ይይዛል፣ ጭረቱም አይጠፋም። ስለሆነም ህትመቶች ሲደራረቡ በመካከላቸው አሲድ የሌለው ስስ ወረቀት ይገባል፣ የሚያዙትም በዳራቸው ብቻ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ማተሚያው ከዩፒኤስ ጋር መያያዝ አለበት፤ በጥቁር መካከል ተቋርጦ የቀጠለ ህትመት መጋጠሚያው ምንጊዜም ይታያል።

ከቅንብሩ ሁሉ ያልተናነሰ ጉዳት የሚያደርሰው ግን ፍሬም ነው። ተራ መስታወት በሁለቱ ገጾቹ በድምሩ 8 በመቶ ያህል ብርሃን ያንጸባርቃል፤ በብዙ ጥንቃቄ የተገኘው ጥቁር የሚመልሰው 2 በመቶ መሆኑ ሲታሰብ፣ ከመስታወቱ የሚመጣው ነጸብራቅ ከጥቁሩ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ነጸብራቁ ከ1 በመቶ በታች የሆነ ጸረ ነጸብራቅ መስታወት ይገዛል፤ ካልተቻለ ህትመቱ ከመስኮት ፊት ለፊት አይሰቀልም፣ መብራቱም ከላይ ሰያፍ ሆኖ እንዲያርፍበት ይደረጋል። ህትመት ሲመዘንም በደብዛዛ ክፍል ወይም በቢጫ አምፖል ሥር ሳይሆን፣ አይኤስኦ 3664 ለዚህ እንዳስቀመጠው 500 ሉክስ ገደማ በሆነ የቀን ብርሃን መሰል መብራት ሥር ይሁን።

ትክክለኛው ቅንብር ከተገኘ በኋላ የሙከራው ቁራጭ ሊጣል አይገባም፤ በጀርባው ላይ የወረቀቱ ስም፣ የሚዲያ ታይፑ፣ የፕሮፋይሉ፣ የሬንደሪንግ ኢንቴንቱ፣ የጥራት ደረጃውና ቀኑ በእርሳስ ተጽፎ ይቀመጥ፤ ድራይቨሩ ሲታደስ ወይም ኮምፒውተሩ ሲቀየር ቅንብሩ ሳይታወቅ ወደ ቀድሞው ሊመለስ ስለሚችል ማመሳከሪያው ያ ቁራጭ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ በአግባቡ ተሠርቶ ጥቁሩ አሁንም የማይበቃ ሆኖ ከታየ፣ ያ ፎቶግራፍ የሚፈልገው ከማት ወረቀት አቅም በላይ ነውና በባራይታ ወረቀት ላይ ይታተም።